ኤክስፒ ሲጫን «ሃርድ ዲስክ የለም» ካላችሁ

ዛሬ ዊንዶውስ ኤክስፒ የሚጭን ሰው ወዶ አይደለም። አንድ አሮጌ ማሽን ወይም የሂሳብ ፕሮግራም ያለሱ አልሠራም ብሎት ነው። ሲዲው ይነሳል፣ ሰማያዊው ገጽ ፋይሎቹን ይቆጥራል፣ ከዚያ «ሃርድ ዲስክ አላገኘሁም» ብሎ ቁጭ። አንዳንዱ ኮምፒውተር ደግሞ እዚያም ሳይደርስ መጨረሻው 7ቢ የሆነ የስህተት ቁጥር አውጥቶ ይቆማል።

ዲስኩ ሞተ ብላችሁ አትደንግጡ። ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ማስተካከያ ገጽ) ውስጥ ስሙ ከታየ ዲስኩን ተዉት፤ የጎደለው ድራይቨር፣ ማለትም ኤክስፒ ዲስኩን እንዲያውቀው የሚያደርገው ትንሽ ፕሮግራም ነው። ኤክስፒ የወጣው በ2001 እ.ኤ.አ. ነው። ኤኤችሲአይ የሚባለው የሳታ ዲስክ (ሳታ በሚባለው ማገናኛ የሚሰካው) አሠራር የመጣው ከዚያ በኋላ ስለሆነ ሲዲው ላይ የለም። ቪስታና ተከታዮቹ ይዘውት ነው የመጡት።

መጀመሪያ ቀላሉን ሞክሩ። ባዮስ ግቡና የሳታ ሞድ የሚለውን ከኤኤችሲአይ ኤክስፒ ወደሚያውቀው አሮጌ አሠራር፣ ወደ አይዲኢ ቀይሩት። «ኮምፓቲብል» ወይም «ኤቲኤ» የሚሉትም አሉ። ሴቭ አድርጋችሁ እንደገና ጀምሩ። ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚህ ላይ ያልቃል። ፍጥነት ትንሽ ይቀንስ ይሆናል፣ አሮጌ ማሽን ላይ ግን ማን ያስተውለዋል? ብቻ ኤክስፒው ከተጫነ በኋላ ድራይቨር ሳታስገቡ ወደ ኤኤችሲአይ እንዳትመልሱት። ያው 7ቢ ይጠብቃችኋል።

ባዮሱ አይዲኢ የሚል ምርጫ ከሌለውስ? ያኔ ነው ኤፍ6 የሚባለው የኪቦርድ ቁልፍ የሚመጣው። ሲዲው እንደተነሳ ተጨማሪ ድራይቨር ካላችሁ ኤፍ6ን ተጫኑ ብሎ ከስክሪኑ ግርጌ ለጥቂት ሰከንድ ይጠይቃል። ስትጫኑት ምንም የሆነ አይመስልም፤ ታገሱ፣ ቆይቶ ኤስን ተጫኑ ይላል። ጉዱ ያለው እዚህ ነው። ድራይቨሩን የሚፈልገው ፍሎፒ ላይ ብቻ ነው። ፍላሽ ብትሰኩ አያይም፣ ሌላ ሲዲ ብትከቱም አያይም። እኔ ይህን ሳላውቅ ግማሽ ቀን ፍላሽ ስሰካና ስነቅል ውያለሁ። በዩኤስቢ የሚሰካ ፍሎፒም ቢሆን የሚቀበለው አንዳንዱን ሞዴል ብቻ ነው። መጀመሪያ አንብቦት፣ ፋይል መቅዳት ሲጀምር «ዲስኩን አስገባ» እያለ የሚያደርቅም አለ።

ስለዚህ ፍሎፒውን እርሱትና ድራይቨሩን ሲዲው ውስጥ ክተቱት። ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲዲውን ወደ ፎልደር ገልብጡ፣ ኤንላይት በሚባለው ፕሮግራም ድራይቨሩን ጨምሩ፣ አዲስ ሲዲ አቃጥሉ። ኤንላይት ሲጠይቃችሁ «ቴክስት ሞድ» የሚለውን ምረጡ። ድራይቨሩ ከዚፕ የተፈታና በአይኤንኤፍ የሚያልቅ ፋይል ያለው ይሁን፤ ደብል ክሊክ ተደርጎ የሚጫነው ዓይነት እዚህ አይሠራም። ኤክስፒው 32 ቢት ከሆነ ድራይቨሩም 32 ቢት ነው።

ኤንላይት ከሚያሳያችሁ የድራይቨር ዝርዝር የትኛውን ቺፕሴት (የቦርዱን ዋና ቺፕ) ትመርጣላችሁ? በግምት አይሆንም። ማሽኑ ላይ ሌላ ዊንዶውስ ካለ ዲቫይስ ማኔጀር ገብታችሁ የሳታ ኮንትሮለሩን (ዲስኩን የሚቆጣጠረውን ክፍል) ሃርድዌር አይዲ፣ ማለትም መለያ ቁጥሩን እዩ። ቬንደሩ (አምራቹ) 8086 ካለ የኢንቴል ነው። ቀጥሎ ያለውን የዲቫይስ ቁጥር አይኤንኤፉ ውስጥ ፈልጉት፤ ከሌለ ያ ድራይቨር የናንተ አይደለም።

ዲስኩ ተገኝቶ ትልቁ ዲስክ 130 ጊጋ ገደማ ብቻ ሆኖ ከታየ ደግሞ የያዛችሁት ሰርቪስ ፓክ (የማይክሮሶፍት የማሻሻያ ጥቅል) የሌለው የመጀመሪያው ሲዲ ነው። ሰርቪስ ፓክ 3 ያለበትን ተጠቀሙ።