ቴሪያኪ በርገር ቤት ውስጥ፦ ሶሱ መጨረሻ ላይ ነው የሚገባው

ኬቻፕና ሰናፍጭ ለሰለቻችሁ። ጃፓኖች በርገርን በራሳቸው ጣዕም መሥራት ከጀመሩ ቆይተዋል። ሞስ በርገር የተባለው የጃፓን የበርገር ቤቶች ድርጅት ቴሪያኪ በርገርን ያመጣው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው፤ በ1987 ደግሞ በዳቦ ፋንታ በተጠፈጠፈ ሩዝ የሚሠራ በርገር ጨመረ። የሩዙን ለሌላ ቀን እናቆየው።

"ቴሪ" ማንጸባረቅ ነው፣ "ያኪ" መጥበስ። ሥጋው ካላብለጨለጨ ሥራው አላለቀም ማለት ነው።

ከሶሱ ጀምሩ። 4 የሾርባ ማንኪያ ሶያ ሶስ፣ 4 ሚሪን፣ 2 ስኳር፣ ትንሽ የተፈቀፈቀ ዝንጅብል። ሚሪን ጣፋጭ የሩዝ ወይን ነው። ካጣችሁት በእሱ ፋንታ ያንኑ ያህል ውሃ፣ አንድ ማንኪያ ተጨማሪ ስኳርና ጥቂት ጠብታ አቼቶ ይበቃል፤ ልዩነቱ ይታወቃል ግን ያስኬዳል። በመለስተኛ እሳት ጣዱት። መጀመሪያ አረፋው ደቃቅ ነው፤ ሲወፍር እየተለቀ ይመጣና ድምፁም ከበድ ይላል። ያኔ ማንኪያ ንከሩና ጀርባውን በጣት ሰንጥቁት፤ መስመሩ ካልተዘጋ አውርዱ። ሲበርድ ራሱ ስለሚወፍር "ትንሽ ይቆይ" ብትሉ ከረሜላ ነው የምታገኙት።

ሥጋው 500 ግራም የተፈጨ የበሬ ሥጋ ነው፣ ከውስጡ 100 ግራሙ ያህል ጮማ ቢሆን ጥሩ። እንደ ሊጥ አትሹት፣ ይደርቃል። አራት ቦታ ከፍላችሁ ጠፍጥፉና መሃሉን በአውራ ጣት ጫን አድርጉት፣ አለዚያ ሲጠበስ ይነፋል። ጨው ቁንጥር ብቻ፤ ሶያ ሶሱ ራሱ ጨው ነው።

መጥበሻው በደንብ ይጋል። አንዱን ጎን 4 ደቂቃ፣ ገልብጡ፣ 3 ደቂቃ። ቴርሞሜትር ያለው ሰው መሃሉ 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ያቁም።

አሁን ተጠንቀቁ። እኔ የመጀመሪያ ቀን ሶሱን ከጥሬው ሥጋ ጋር አንድ ላይ ገለበጥኩት፤ ስኳሩ በሁለት ደቂቃ ከሰለ፣ ቤቱ በጭስ ታፈነ፣ ሥጋው ውጪው ጥቁር ውስጡ ጥሬ ሆኖ ቀረ። ስለዚህ ሥጋው ከበሰለ በኋላ ስቡን ድፉት፣ እሳቱን ቀንሱ፣ ሶሱን አፍስሱና ሥጋውን ሁለት ሦስቴ አገላብጡ። አንድ ደቂቃ እንኳ አይፈጅም።

ጣፋጩና ጨዋማው ብቻውን ስለሚሰለች የሚኮመጥጥና የሚንኮሻኮሽ ነገር የግድ ነው። ኪያር በስሱ ቆርጣችሁ በጨው አሹት፣ 10 ደቂቃ ቆይቶ ውሃውን ጭመቁ፣ አቼቶና ሰሊጥ ጣል አድርጉበት። ጥቅል ጎመን እንደ ፀጉር አቅጥናችሁ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ንከሩና በደንብ አጠንፍፉ። ማዮኔዝ ላይ ዋሳቢ (የሚያቃጥል አረንጓዴ የጃፓን ማጣፈጫ) የምትጨምሩ ከሆነ የአተር ፍሬ ታህል ብቻ፤ ቀልድ አይደለም፣ አፍንጫ ነው የሚይዘው። ቺዝ? እኔ አላስገባም። ሶሱን ያደበዝዘዋል።

ዳቦው ለስላሳና ጣፈጥ ያለ ይሁን። የተቆረጠውን ፊት በቅቤ ጠበስ አድርጉና ከታች ማዮኔዝ ቀቡት፤ ሶሱ ቶሎ እንዳያርሰው ይከላከላል። ከዚያ ጎመን፣ ሥጋ፣ ኪያር። በወረቀት ጠቅልላችሁ ወዲያው ብሉት፣ እስከ ክርን መፍሰሱ አይቀርም።

ሶስ ከተረፈ ፍሪጅ አስገቡት። በነገታው ለዶሮ ጭን ይሆናል፤ እንዲያውም በእኔ ምላስ ከበሬው የዶሮው ይበልጣል።