ኒኬሉ ከፔሮቭስካይቱ አልወጣም? ወይስ ድሮም አልገባም?

ይሄ ኒኬል ላንታነም ስትሮንሽየም ታይታኔት የሚባል ፔሮቭስካይት (የኦክሳይድ ክሪስታል ዓይነት ነው) ውስጥ ከትታችሁ፣ በሃይድሮጅን አሙቃችሁ ላዩ ላይ በናኖ ቅንጣት መልክ ልታስወጡት ለምትሞክሩ ነው። ሲሊንደሩ ተከፍቷል ወይ፣ ቴርሞካፕሉ (የሙቀት መለኪያው) ይሰራል ወይ የሚለውን ጨርሳችኋል ብዬ ልለፈው።

ፔሌቱ (ተጨምቆ የተተኮሰው ፓውደር) ከ900 ዲግሪ ሃይድሮጅን ሳይጠቁር ወጣ? የሆነ ቦታ አየር እየገባ ነው። ታይታኔት ኦክስጅን ሲያጣ ይጠቁራል። መጋጠሚያውን በሳሙና ውሃ ፈትሹ፣ ያረጀ ኦሪንግ (የጎማ ቀለበት) ካለ ጣሉት።

ጠቁሯል ግን በኤስኢኤም (በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ) ላዩ ባዶ ነው? ወይ የታይታኒየምና የኒኬሉ ድምር 1 ሲባል ላንታነምና ስትሮንሽየሙም ተደምረው 1 ሞልተዋል፣ ወይ አየር ላይ ሲተኮስ ስትሮንሽየም ላዩ ላይ ተጠራቅሟል። የመጀመሪያው ከሆነ ድምሩን ከ1 በታች አድርጋችሁ ስሩት፣ የላንታነምና የስትሮንሽየም ቦታ ሲጎድል ክሪስታሉ ኒኬሉን ገፍቶ ማስወጣት ይቀለዋል፤ የስኮትላንዱ ሴንት አንድሪውስ ዩኒቨርሲቲ ቡድን በ2013 እ.ኤ.አ. ያሳየው ይሄንኑ ነው። ሁለተኛው ከሆነ ፔሌቱን ስበሩና አዲሱን ፊት አሙቁ።

አሁን ወደሚያናድደኝ። ቅንጣቶቹ አሉ ግን ግዙፍ ናቸው፣ ጥቂት ናቸው፣ እዚህም እዚያም ተኮልኩለዋል፣ ሚቴን ሲያገኙ ደግሞ የካርቦን ክር ይበቅልና ጫፉ ላይ ሰቅሏቸው ይነሳል። ሰው ይሄን ሲያይ ሃይድሮጅኑን ነው የሚጠረጥረው። አንዱ ፎቶውን ይዞ መጥቶ ሲሊንደር ቀየርኩ፣ ሙቀት ቀነስኩ፣ ሰዓት ጨመርኩ ይለኛል፤ ሃይድሮጅን ከመግባቱ በፊት ያለውን ኤክስአርዲ (ምን ምን ክሪስታል እንዳለ የሚያሳይ የኤክስሬይ ምርመራ) አምጣ ስለው 43.3 ዲግሪ ማዕዘን ላይ የኒኬል ኦክሳይድ ፒክ ቁጭ ብሏል። ኒኬሉ መች ገባና ነው የሚወጣው! ከውስጥ የወጣ ቅንጣት እንደ ጥርስ ስሩ የተቀበረ ስለሆነ ካርቦን በቀላሉ አይነቅለውም፣ ላዩ ላይ የተቀመጠውን ግን ብድግ ያደርገዋል።

ጥፋተኛው ሁሌ ለማለት ይቻላል የላንታነም ኦክሳይዱ ብልቃጥ ነው። ይሄ ፓውደር ከአየር ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይጠጣል፣ ሙሉ ለሙሉ ሃይድሮክሳይድ ከሆነ ከመዘናችሁት 14% ገደማው ውሃ ነው። "99.99 ይላል እኮ" አትበሉኝ፣ ቁጥሩ ሌላ ብረት የለበትም ነው እንጂ ደረቅ ነው አይልም። ላንታነም 0.52፣ ስትሮንሽየም 0.28 ብላችሁ ያሰባችሁት 0.80 ወደ 0.73 ይወርዳል፤ ክሪስታሉ ይሄን ያህል ጉድለት አይችልም፣ ታይታኒየምና ኒኬሉን ገና አየር ላይ ሲተኮስ ይተፋል።

ስለዚህ ላንታነም ኦክሳይዱን 1000 ዲግሪ ተኩሱት፣ ትኩስ እያለ ዴሲኬተር (እርጥበት የማያስገባ ዕቃ) ውስጥ አስገቡት፣ እንደበረደ ወዲያው መዝኑ። ነገ እመዝነዋለሁ ብሎ ክዳኑን ከፍቶ ሚዛን አጠገብ ትቶት የሚሄድ አለ፣ እሱን ሰውዬ ሚዛን ክፍል አታስገቡት። በእርጥብ ላንታነም ኦክሳይድ ተሰርቶ የተበላሸውን ታይታኔት ደጋግሞ መተኮስ አያድነውም፣ የተበላሸው ሬሾው ነዋ። ከዚያው ብልቃጥ ትንሽ ተኩሳችሁ ስንት እንደቀነሰ ካወቃችሁ የጎደለውን አስልታችሁ ጨምሩና እንደገና ፍጩ፣ ካልሆነ ጣሉት። ኤክስአርዲው ንጹህ ቢሆንም አትመኑት፣ ኒኬሉ 0.06 ብቻ ስለሆነ ትንሽ ትርፍ ቢኖር ላይታይ ይችላል፣ ከሃይድሮጅን በፊት በኤስኢኤም እዩት።

ጋዛችሁ ድኝ ካለበት ኒኬሉ ይመረዛል፣ እሱ ብዙ አይገጥምም።

ሲበርድ ሃይድሮጅኑን ቀድማችሁ አትዝጉ፣ ትኩስ ኒኬል አየር ካገኘ መልሶ ኦክሳይድ ይሆናል። ከመክፈታችሁ በፊት ቱቦውን በአርጎን እጠቡት፣ መውጫው ወደ ውጪ ይሁን፣ ትኩስ ቱቦ ውስጥ ሃይድሮጅንና አየር ማገናኘት ቀልድ አይደለም።