የሊፍትን ደህንነት በሞዴል እንዴት መፈተሽ ይቻላል?

ሜክሲኮ ወይም ካዛንቺስ ባለ ጂ+12 ህንፃ ውስጥ መብራት ሲጠፋ፣ ሊፍት ውስጥ የተያዘ ሰው መኖሩ አይቀርም። ሞተሩ፣ በሩና ጄኔሬተሩ ለየብቻቸው ደህና ሆነው፣ አንድ ላይ ሲሰሩ አደጋ ሊፈጥሩ ይችላሉ። ይህን አደጋ ሰው ሳይጎዳ ቀድሞ ለማግኘት የሲስተሙን ባህሪ በሒሳብ ቋንቋ ጽፎ መፈተሽ ይቻላል። ባለሙያዎች ፎርማል ሞዴሊንግ ይሉታል። ለመጀመር ወረቀትና እስክሪብቶ ይበቃል።

1. መቼም መሆን የሌለበትን ጻፉ

"ሊፍቱ አስተማማኝ ይሁን" የሚለውን ማንም ሊፈትሸው አይችልም። "በሩ ክፍት ሆኖ ሊፍቱ አይንቀሳቀስም" የሚለው ግን ወይ ተጥሷል፣ ወይ አልተጣሰም።

2. ሁኔታዎቹን ምረጡ

ለደንቡ የሚያስፈልጉትን ብቻ ውሰዱ። በሩ፦ ክፍት ወይም ዝግ። ሊፍቱ፦ ቆሟል ወይም ይሄዳል። መብራት፦ አለ ወይም የለም። አራተኛው ብዙ ሰው የሚዘለው ነው፦ መቆጣጠሪያው ስለ በሩ የመዘገበው። በሩና የበሩ መዝገብ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በጠቅላላ 16 ጥምረት ይወጣል።

3. ክስተቶቹን ከነቅድመ ሁኔታቸው ዘርዝሩ

መነሳት፦ መብራት ካለና መዝገቡ "ዝግ" ካለ፣ ሊፍቱ ይሄዳል።
መብራት መጥፋት፦ በማንኛውም ሰዓት፤ ሊፍቱ ይቆማል።
በእጅ መክፈት፦ መብራት ከሌለ ጥበቃው በሩን በቁልፍ ይከፍታል፤ መዝገቡ አይለወጥም።
መብራት መምጣት፦ ጄኔሬተር ይነሳል።

ጥበቃውን አትተዉት። እሱም የሲስተሙ አካል ነው።

4. መንገዶቹን ሁሉ ተከተሉ

ይህ ዋናው ሥራ ነው፤ ጊዜ ስጡት። ሊፍቱ በሩ ተዘግቶ እየሄደ ነው እንበል። መብራት ጠፋ፤ በሁለት ፎቅ መሃል ቆመ። ጥበቃው ሰዎቹን ለማውጣት በሩን ከፈተ፤ መዝገቡ ግን አሁንም "ዝግ" ይላል። ጄኔሬተር ተነሳ። መነሳት ተፈቀደ። ሰው እግሩን ሲያወጣ ሊፍቱ ሄደ!

እያንዳንዱ እርምጃ ቅድመ ሁኔታውን ጠብቋል፤ አደጋው ያለው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ጥበቃውን "ተጠንቀቅ" ማለት መፍትሔ አይደለም። መነሳት መዝገቡን ትቶ በሩን ራሱን እንዲያይ ቅድመ ሁኔታውን ለውጡ። እውነተኛ ሊፍቶች ላይ የበሩ ኮንታክት (በሩ ሲዘጋ የሚገናኝ የኤሌክትሪክ ማብሪያ) ሞተሩን በሚያቆመው የደህንነት ሰርኪዩት ውስጥ የሚገባው ለዚህ ነው። ካስተካከላችሁ በኋላ ሁሉንም መንገድ ከመጀመሪያው ፈትሹ።

5. ሲበዛ ለኮምፒውተር ስጡት

እንዲህ ዓይነት 20 ሁኔታዎች ካሉ ጥምረቱ 1,048,576 ይደርሳል። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ሌስሊ ላምፖርት የፈጠረው ቲኤልኤ ፕላስ (TLA+) የተባለ የሞዴል መጻፊያ ቋንቋ ከመፈተሻው ጋር በነፃ ይገኛል፤ ደንቡ ከተጣሰ ወደዚያ ያደረሰውን መንገድ በቅደም ተከተል ያሳያችኋል። በ1998 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ያለ ሹፌር የሚሄደው የፓሪስ ሜትሮ 14ኛ መስመር፣ ለደህንነት ወሳኝ የሆነው ሶፍትዌሩ የተሰራው ቢ በሚባል ተመሳሳይ ዘዴ ነው። ለልምምድ የኛን ቀላል ባቡር ውሰዱ፦ ሁለቱ መስመሮች በስታዲየምና በልደታ መካከል ሐዲድ ይጋራሉ። መቼም መሆን የሌለበት ምንድን ነው?

6. ሁለተኛ ደንብ ጨምሩ

ፈጽሞ የማይንቀሳቀስ ሊፍት የመጀመሪያውን ደንብ ያሟላል። ስለዚህ "መብራት እስካለ የተጠራ ሊፍት በመጨረሻ ይደርሳል" ብላችሁም ጻፉ።

7. ግምታችሁን ፈትሹ

እስካሁን የበሩ ኮንታክት አይበላሽም ብለን ነው የሄድነው። "ኮንታክቱ ተጣብቆ ቀረ" የሚል ክስተት አስገቡና ደንቡ ይጣስ እንደሆነ እዩ።