ላሊበላን ሰው ሳይበዛ ለማየት ከሰዓቱ በፊት ቀኑን ምረጡ

የላሊበላን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ያለ ግፊያ ማየት ይቻላል። ብዙ ሰው «በጠዋት መነሳት ነው» ይላችኋል። እውነት ነው፣ ግን አይበቃም። ዐሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት ከተፈለፈሉ 800 ዓመት ገደማ ቢሆናቸውም ዛሬም ይቀደስባቸዋል። ማልዳችሁ ስትደርሱ ቱሪስቱ ገና ተኝቶ ይሆናል፤ ምእመኑ ግን ከሌሊት ጀምሮ እዚያው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ የምትከፍቱት የቀን መቁጠሪያውን ነው።

ቀኑን መምረጥ

ጸጥታ ከፈለጋችሁ ገናን፣ ጥምቀትንና ፋሲካን ተዉ። በተለይ በገና ካህናቱ በቤተ ማርያም ዙሪያ ካለው የድንጋይ አፋፍ ላይ ቆመው «ቤዛ ኵሉ» ሲዘምሩ፣ ከየአገሩ የመጣው ምእመን ቦታውን ሞልቶት ነው። ያን ማየት ራሱን የቻለ በረከት ነው፤ ሌላ ጉዞ ያዙለት።

ቀጥሎ ወርኃዊ በዓላቱን እዩ። በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ፣ በ27 መድኃኔ ዓለም፣ በ28 አማኑኤል ነው። በ23 ቤተ ጊዮርጊስን ባዶ አገኛለሁ ብሎ መሄድ አይሆንም። ያን ዕለት ወደ ሌሎቹ ሂዱ።

አሁን ጎብኚዎች ጨርሶ ወደማያስቡት ነገር እንምጣ፤ የቅዳሴው ሰዓት። በሰንበትና በፍስክ ቀን ቅዳሴ ማለዳ ነው። በጾም ቀን ግን ከቀትር ጀምሮ ነው፤ ጿሚው እህል የሚቀምሰው ቅዳሴው ካለቀ በኋላ ነውና። ይህ ለጎብኚ ትልቅ ነገር ነው። እሑድ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ብትሄዱ ቤተ ክርስቲያኑን በቅዳሴ መሐል ታገኙታላችሁ። ተራ ረቡዕ ወይም ዓርብ ብትሄዱ ግን ጠዋቱ የተረጋጋ ነው፤ ጥቂት ሰው ግድግዳ ተሳልሞ፣ ጸልዮ ይሄዳል። ስለዚህ የእኔ ምርጫ ሁልጊዜ ረቡዕ ወይም ዓርብ ጠዋት ነው።

ሁለት ነገር ግን ይህን ስሌት ይለውጠዋል። ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብም አይጾምም፤ የጾም ቀን ነው ብላችሁ አትሂዱ። በሁዳዴና በፍልሰታ ደግሞ ቅዳሴው በአዘቦት ቀን ከቀትር ወዲያ ቢሆንም ለጸሎትና ለስግደት የሚመጣው ሰው ብዙ ነው።

ይህን ሁሉ አስልታችሁም ቢሆን ከዋዜማው ሰው ጠይቁ። «ነገ የት ይቀደሳል?» በቃ። በየዕለቱ በሁሉም ላይ አይቀደስም፣ የከተማው ሰው ደግሞ ያውቀዋል። የሆቴላችሁ ዘበኛ ከየትኛውም የስልክ መተግበሪያ የተሻለ መልስ አለው።

ቅዳሴውን ራሱን ፈልጋችሁ ከሆነ የምትሄዱት፣ ሳይጀመር ግቡና እስኪያልቅ ቁሙ። ወንዶች በግራ፣ ሴቶች በቀኝ። አሥር ደቂቃ ቆሞ፣ ፎቶ አንስቶ መውጣት የሚያስቀድሰውን ሰው ይረብሻል። እባካችሁ አታድርጉት።

ከዋዜማው የሚያልቁ ነገሮች

ቲኬቱን ከሰዓት በኋላ ቁረጡ፤ ቢሮው ቤተ መድኃኔ ዓለም አጠገብ ነው። ለጎብኚ የውስጡ በር የሚከፈተው ብዙውን ጊዜ 2 ሰዓት አካባቢ ነው። ያኔ ቲኬት ለመቁረጥ ከተሰለፋችሁ ማልዳችሁ መነሳታችሁ ከንቱ ቀረ። ከውጭ አገር የመጣችሁ ቤተሰቦች ፓስፖርት ያዙ፤ ለውጭ ዜጋ ዋጋው ሌላ ነው። ከአዲስ አበባ ወይም ከሌላ ቦታ ከመነሳታችሁ በፊትም የመንገዱን ሰላም አጣሩ።

ጫማችሁ ክር የሌለው ይሁን። በየበሩ ታወልቃላችሁ፣ ታጠልቃላችሁ፤ ክር ስትፈቱና ስታስሩ ጠዋቱ ያልቃል። ወፍራም ካልሲ ግዴታ ነው፤ ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ስለሆነ ድንጋዩ በጠዋት እግር ያቀዘቅዛል። ነጠላ፣ የእጅ ባትሪና ለጫማ ጠባቂዎች የሚሆን ዝርዝር ብር ጨምሩ። የስልክ መብራት ይሠራል፣ ግን በዋሻው ውስጥ አንድ እጃችሁን ግድግዳ ለመያዝ ትፈልጉታላችሁ። በአንገት የሚንጠለጠል ባትሪ ይሻላል።

ከሰው ጅረት በተቃራኒ መሄድ

አስጎብኚዎች አብዛኛውን ጊዜ ከቲኬት ቢሮው አጠገብ ካለው ምድብ ይጀምራሉ፦ መድኃኔ ዓለም፣ ማርያም፣ መስቀል፣ ደናግልና ጎልጎታ ሚካኤል። ከምሳ በኋላ ዮርዳኖስ የሚባለውን ወንዝ ተሻግረው ወደ ሁለተኛው ምድብ ይሄዳሉ። እናንተ ገልብጡት።

12 ሰዓት ላይ ቤተ ጊዮርጊስ አፋፍ ላይ ሁኑ። ለብቻው ራቅ ብሎ ስላለ፣ እንደ አንዳንዶቹም መጠለያ ጣራ ስላልተሠራበት፣ የመስቀሉን ቅርጽ ከላይ ሙሉውን ታያላችሁ። ፀሐይ መጀመሪያ የምትነካው ጣራውን ነው፤ ታችኛው ግቢ ፀሐይ ከፍ እስክትል ጥላ ሆኖ ይቆያል። ወደ ታች ለመውረድ አትቸኩሉ። አፋፉ መከላከያ የለውም፤ ልጅ ይዛችሁ ከሆነ እጁን አትልቀቁ።

በሩ ሲከፈት ወርዳችሁ ውስጡን እዩና በቀጥታ ወደ ሁለተኛው ምድብ፣ ወደ አማኑኤል፣ መርቆሬዎስ፣ አባ ሊባኖስ፣ ገብርኤል ወሩፋኤልና ቤተ ልሔም እለፉ። እዚህ የአካባቢውን አስጎብኚ ቅጠሩ። ዋሻዎቹና ድልድዮቹ ያደናግራሉ፣ አንዳንዱ ዋሻ ደግሞ ድቅድቅ ጨለማ ነው። ለቤተ ጊዮርጊሱ ሰዓት ግን አስጎብኚ አያስፈልግም ባይ ነኝ፤ ያን ጊዜ ዝም ብሎ ማየት ይበቃል።

ፎቶ ስታነሱ ፍላሽ አጥፉ፤ ካህኑን ሳታስፈቅዱ አታንሱ። በመጋረጃው በኩል ወደ መቅደሱ መጠጋት አይፈቀድም። ሴቶች ወደ ጎልጎታ እንደማይገቡም አስቀድማችሁ እወቁ።

በምሳ ሰዓት አብያተ ክርስቲያናቱ ለጎብኚ ይዘጋሉ። እናንተም ብሉና አረፍ በሉ። 8 ሰዓት ሲከፈት ሌላው ሕዝብ ወደ ሁለተኛው ምድብ ሲሻገር እናንተ ወደ ቤተ መድኃኔ ዓለምና ቤተ ማርያም ግቡ። ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነ ግን ቅዳሴው በዚያ ሰዓት ላይ ሊሆን ስለሚችል፣ የሚቀደስበትን ትታችሁ ከሌሎቹ ጀምሩ።