«እኔ ጋ ይሠራል» አይበቃም፦ የዊንዶውስ ፕሮግራም ስትሠሩ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሀዋሳ ውስጥ ለሱቅ፣ ለመድኃኒት ቤት፣ ለፔንሲዮን ፕሮግራም የሚሠሩ ልጆች እየበዙ ነው። ደስ ይላል። ግን ጊዜያቸውን የሚበላው አዲስ ነገር መሥራቱ አይደለም። «ፕሮግራሙ እምቢ አለ» ተብሎ ተደውሎ ከአቶቴ ፒያሳ፣ ከፒያሳ መናኸሪያ በባጃጅ መመላለሱ ነው። እዚያ ሲደረስ ደግሞ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ኮዱ ውስጥ አይገኝም፤ በእናንተ ላፕቶፕና በደንበኛው ኮምፒውተር መሀል ያለው ልዩነት ውስጥ ነው ያለው። ኮዱን ከመነካካት በፊት ያንን ልዩነት መፈለግ ቢለመድ ብዙው መመላለስ ይቀር ነበር። ምሳሌዎቼ በአብዛኛው ከሲ ሻርፕ ቋንቋና ፕሮግራሙ ከሚነሳበት ከዶትኔት ናቸው፤ በሌላ ቋንቋ ለምትሠሩም አብዛኛው ይሆናል።

ስህተቱን ሳያነቡ ኮድ መቀየር

ከሁሉም የባሰው ይሄ ነው። ደንበኛው «ዝም ብሎ ይዘጋል» ይላል፤ ፕሮግራመሩ ወዲያው ቪዥዋል ስቱዲዮ ከፍቶ የጠረጠረውን መስመር ይቀይራል። ኧረ ቆይ! ዊንዶውስ እኮ ፕሮግራም ሲወድቅ ይመዘግባል። ኢቨንት ቪወር የሚባለውን የዊንዶውስ መዝገብ ማያ ክፈቱ፣ ዊንዶውስ ሎግስ ውስጥ ግቡ፣ አፕሊኬሽን የሚለውን ተጫኑ። ምንጩ «አፕሊኬሽን ኤረር» የሆነው መዝገብ የትኛው ሞጁል እንደወደቀና የኤክሴፕሽን (ፕሮግራሙን ያቆመው ስህተት) ኮዱን ይነግራችኋል። ኮዱ ሲ0000005 የሚል ከሆነ ፕሮግራሙ የማይፈቀድለትን ሜሞሪ ነክቷል። ያኔ ከሲ ሻርፕ ኮዳችሁ ይልቅ አብሮት የሚሠራውን የሲ ፕላስ ፕላስ ላይብረሪ ወይም የፕሪንተር ድራይቨር ጠርጥሩ። ኢ0434352 ካለ ደግሞ ማንም ያልያዘው የዶትኔት ኤክሴፕሽን ነው። አጠገቡ «ዶትኔት ራንታይም» የሚል ሌላ መዝገብ አለ፤ ስታክ ትሬሱ፣ ማለትም ስህተቱ የተነሳበት የኮድ መንገድ፣ እዚያ ቁጭ ብሏል።

ደንበኛው «ሦስት ሰዓት ላይ ነው የተዘጋው» ሲላችሁ የኛን ሦስት ሰዓት ማለቱ ነው። መዝገቡ ላይ ከጠዋቱ 9፡00 አካባቢ ፈልጉ። ይህንን ረስተው «ምንም አልተመዘገበም» ብለው የሚመለሱ አሉ።

ባዶ ካች ብሎክም (ስህተት ሲነሳ የሚይዘው የኮድ ክፍል) እዚሁ ይግባ። ኤክሴፕሽኑን ይዞ ዝም ማለት ማስረጃ ማጥፋት ነው። ፋይል ላይ ጻፉት፤ ሰዓቱን፣ የዊንዶውሱን ቨርዥን፣ ሙሉውን ኤክሴፕሽን። መሴጁን ብቻ አትጻፉ፤ ብዙ ጊዜ እውነቱን የሚናገረው ውስጥ ያለው ኢነር ኤክሴፕሽን ነው።

የዲበግ ፎልደርን በፍላሽ ገልብጦ መስጠት

«ቪሲራንታይም140 ዲኤልኤል አልተገኘም» የሚለውን መልእክት ያላየ ያለ አይመስለኝም። ዲኤልኤል ፕሮግራሞች የሚጋሩት የኮድ ፋይል ነው፤ ይሄኛው ከሌለ እሱን የሚጭነው የቪዥዋል ሲ ፕላስ ፕላስ ሪዲስትሪቢዩታብል አልተጫነም ማለት ነው። እናንተ ጋ ቪዥዋል ስቱዲዮ ይዞት መጥቷል፤ ባለሱቁ ጋ የለም። የፋይሉ ስም መጨረሻ ላይ ዲ ካለች ግን የሰጣችሁት የዲበግ ቢልድ (ለእናንተ መፈተሻ ብቻ የሚሆነው) ነው። እሱን ማከፋፈል ጭራሽ አይፈቀድም፤ በሪሊዝ ገንቡና ስጡ።

አደራ፣ የጎደለውን ዲኤልኤል ካገኛችሁት ድረ ገጽ አውርዳችሁ ሲስተም32 ውስጥ አትወርውሩ። ቫይረስ ሊሆን ይችላል፤ ቨርዥኑም ላይገጥም ይችላል። የማይክሮሶፍትን መጫኛ ባለ 32 ቢቱንም ባለ 64 ቢቱንም ፍላሻችሁ ላይ ያዙ። አዲሱን ዶትኔት የምትጠቀሙ ደግሞ ፐብሊሽ ስታደርጉ ሰልፍ ኮንቴይንድ የሚለውን ምረጡ። ፋይሉ ይከብዳል፣ ግን ራንታይሙን (ፕሮግራሙን የሚያስነሳውን ዶትኔት) ይዞ ስለሚሄድ ኢንተርኔት የሌለው ኮምፒውተር ላይም ይነሳል።

32ንና 64ን ማምታታት

የድሮ የአክሰስ ዳታቤዝ የሚከፍተው ጄት 4.0 ያለው በ32 ቢት ብቻ ነው። ፕሮግራማችሁ በ64 ቢት ከተነሳ ፋይሉ ቦታው ላይ እያለ «ፕሮቫይደሩ አልተመዘገበም» ትባላላችሁ። ባድ ኢሜጅ ፎርማት የሚለው ኤክሴፕሽንም ብዙ ጊዜ የዚሁ ዘመድ ነው። ፕሮጀክቱን ኤክስ86 (32 ቢት) አድርጉት፣ ወይም ከፕሮግራሙ ቢት ጋር የሚገጥመውን አዲሱን የአክሰስ ኢንጂን ጫኑ።

ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ መጻፍ

ቪዥዋል ስቱዲዮን ሁልጊዜ እንደ አድሚኒስትሬተር የምትከፍቱ ከሆነ ይሄ ችግር አይታያችሁም። ካሸሯ ግን የምትገባው በተራ አካውንት ነው። ፕሮግራሙ ራሱ በተጫነበት ፎልደር ውስጥ ሴቲንግ ወይም ዳታቤዝ ሊጽፍ ሲሞክር ከቪስታ ጀምሮ ዊንዶውስ ይከለክለዋል።

ከመከልከሉ የባሰም አለ። ፕሮግራሙ ማኒፌስት (የሚያስፈልገውን ፈቃድ ለዊንዶውስ የሚናገር መግለጫ) የሌለው የድሮ 32 ቢት ከሆነ ዊንዶውስ አይከለክለውም። የተጻፈውን ፋይል በዝምታ ወደ ተጠቃሚው አፕዳታ፣ ቨርቹዋል ስቶር ወደሚባል ፎልደር ያዞረዋል። የጠዋቷ ካሸርና የማታዋ ካሸር በየራሳቸው አካውንት ከገቡ እያንዳንዷ የራሷን ቅጂ ታያለች። ባለቤቱ «ዳታ ጠፋ» ብሎ ይጮሃል፣ ልጆቹ ይጠረጠራሉ። የሰው ስም የሚያስጠፋ ስህተት ስለሆነ ቀለል አድርጋችሁ አትዩት።

የጋራውን ዳታ ፕሮግራም ዳታ ውስጥ አድርጉ፤ የመጻፍ ፈቃዱን ሴታፑ ላይ ስጡ። የግል ሴቲንግ አፕዳታ ውስጥ ይግባ። «ራን አዝ አድሚኒስትሬተር» በሉት ብሎ መሄድ መፍትሔ አይደለም፤ በሩን ከፍቶ መሄድ ነው። የት እንደተከለከለ ካላወቃችሁ ደግሞ ፕሮግራም የሚነካውን ፋይል የሚያሳየውን ፕሮሰስ ሞኒተር ተጠቀሙ። ነፃ ነው፣ ኢንስቶል አያስፈልገውም፣ ከፍላሽ ይነሳል። በፕሮግራማችሁ ስም አጣሩና «አክሰስ ዲናይድ» እና «ኔም ኖት ፋውንድ» የሚሉትን መስመሮች ፈልጉ። እኔ ለጀማሪ አንድ መሣሪያ ብቻ አስተምር ብባል የማስተምረው እሱን ነው።

አማርኛውን በጥያቄ ምልክት መለወጥ

መጀመሪያ ይህንን ለዩ። ስክሪኑ ላይ የሚታየው ባዶ ሳጥን ከሆነ ዳታው ብዙ ጊዜ ደህና ነው፤ ፎንቱ ነው ግዕዝ የማያውቀው። ኒያላን ወይም ኢብሪማን ምረጡና እዩ። የሚታየው የጥያቄ ምልክት ከሆነ ግን ፊደሉ ሲቀመጥ ነው የጠፋው። ከባክአፕ ካልሆነ አይመለስም።

የግዕዝ ፊደል የዓለም ፊደላትን በሚይዘው ዩኒኮድ ውስጥ ከ1999 ጀምሮ አለ። የድሮዎቹ የዊንዶውስ ኮድ ፔጆች (የፊደል ሰንጠረዦች) ግን ለእሱ ቦታ የላቸውም። ስለዚህ ኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ የስም ኮለምን በኮድ ፔጅ የሚያስቀምጠውን ቫርቻር ካደረጋችሁት «አለሙ» ሦስት ጥያቄ ምልክት ሆኖ ይቀመጣል፤ ርዝመቱ ሳይቀር ትክክል፣ ፊደሉ ግን የለም። ዩኒኮድ የሚይዘውን ኤንቫርቻር አድርጉት። ጽሑፉን ኮዱ ውስጥ በቀጥታ የምትጽፉ ከሆነ ከጥቅሱ ፊት ኤን የምትለዋን ፊደል አትርሱ፤ ይልቁንስ ፓራሜትር ተጠቀሙ፣ ከኤስኪውኤል ኢንጀክሽንም (በሚገባው ጽሑፍ ውስጥ ትእዛዝ ከመሰግሰግ) ያድናችኋል። ሲኤስቪ ለኤክሴል ስታወጡ ዩቲኤፍ-8ን ከነቦሙ (ፋይሉ መጀመሪያ ላይ ከሚገባው ምልክት ጋር) ጻፉ፤ አለዚያ ሒሳብ ሠራተኛዋ ስትከፍተው ዝብርቅርቅ ያለ የላቲን ፊደል ታያለች።

ፍለጋው ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። አንዱ «ኃይሉ» ብሎ ይመዘግባል፣ ሌላው «ሃይሉ» ብሎ ይፈልጋል። ለኮምፒውተሩ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ሀ፣ ሐ፣ ኀን፤ ሰና ሠን፤ አና ዐን፤ ጸና ፀን ወደ አንድ የሚያመጣ ትንሽ ፈንክሽን ጻፉ። ውጤቱን ለፍለጋ ብቻ በሚሆን ሌላ ኮለምን አስቀምጡ። ሰውየው ስሙን የጻፈበትን ፊደል ግን እንዳለ ተዉለት።

የኢትዮጵያን ቀን በዴትታይም ውስጥ ማስቀመጥ

ዶትኔት የፋርስ፣ የዕብራይስጥ፣ የታይላንድ ካላንደር አለው፤ የኛ የለውም። ስለዚህ አንዳንዱ ቀን፣ ወርና ዓመቱን እንዳለ ዴትታይም (የፈረንጅን ቀን የሚይዘው ዓይነት) ውስጥ ይከታል። መስከረም ይሠራል፤ ጥቅምት 30 ሲደርስ ይወድቃል፣ ሁለተኛ ወር ነውና ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን የለማ። ጳጉሜንማ አሥራ ሦስተኛ ወር ስለሆነ ፈጽሞ አይገባም። ፕሮግራሙን መስከረም ላይ አስረክቦ በሰላም የተኛ ሰው ጥቅምት መጨረሻ ላይ ይደወልለታል።

ዳታቤዙ ውስጥ በፈረንጅ ቀን አስቀምጡ፤ ወደ ኛ የምትቀይሩት ስታሳዩ ብቻ ነው። መቀየሪያችሁን በጳጉሜን 6 ፈትኑት። ለምሳሌ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ነበር፤ ማግስቱ መስከረም 1 ቀን 2016 ነው። «መስከረም 1 ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11» ብሎ የጻፈ ፕሮግራም እዚህ ላይ አንድ ቀን ይስታል።

ደግሞም 03/04 የሚለውን አንዱ ዊንዶውስ ማርች 4፣ ሌላው ኤፕሪል 3 ብሎ ያነበዋል፤ እንደ ሪጅናል ሴቲንጉ ነው። ቀንን እንደ ጽሑፍ አታመላልሱ። ግድ ከሆነ ፎርማቱን ራሳችሁ ወስኑ።

ያረጀ ኮምፒውተር ላይ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ ስትሞት፣ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሰዓቱ ዓመታት ወደ ኋላ ይሄዳል። ሽያጩ በተሳሳተ ዓመት ይመዘገባል። ኤችቲቲፒኤስም «ሰርተፊኬቱ ልክ አይደለም» ብሎ እምቢ ይላል፣ እናንተም ኔትወርኩን ስትመረምሩ ትውላላችሁ። ፕሮግራሙ ሲነሳ የዛሬው ቀን ከመጨረሻው ሽያጭ በፊት ከሆነ ቆሞ ይጠይቅ።

ትንንሽ የሚመስሉ

ገንዘብን ደብል በሚባለው የቁጥር ዓይነት አታስሉ፤ ዴሲማል ተጠቀሙ። 15 በመቶ ቫት በየመስመሩ እየተደመረ ሲሄድ ሳንቲሙ ይዛነፋል፣ ባለሱቅ ደግሞ ሳንቲም ይቆጥራል።

ረጅም ሥራ መስኮቱን በሚያንቀሳቅሰው በዩአይ ትሬዱ ላይ አትሥሩ። መስኮቱ ለ5 ሰከንድ ያህል መልስ ካልሰጠ ዊንዶውስ «ኖት ሪስፖንዲንግ» ይላል፤ ካሸሯም ደጋግማ ትጫናለች፣ አንዱ ሽያጭ ሁለት ይሆናል። አሲንክ (ከበስተጀርባ የሚሠራ) አድርጉት፤ ሥራው እስኪያልቅ ቁልፉን ዝጉ።

ኤስኪውኤል ኤክስፕረስ ከሌላ ኮምፒውተር ካልተገኘ ዳታቤዙ የት እንዳለ የሚናገረውን ኮኔክሽን ስትሪንግ ከማሸት በፊት ቲሲፒ/አይፒው መከፈቱን፣ የኤስኪውኤል ብራውዘር ሰርቪሱ መነሳቱንና ፋየርዎሉን እዩ።

መብራት እንደማይጠፋ አድርጎ መጻፍ

ፋይልን በላዩ ላይ አትጻፉ። ግማሹ ተጽፎ መብራት ቢሄድ አሮጌውም አዲሱም የለም። መጀመሪያ ሌላ ጊዜያዊ ፋይል ላይ ጻፉ፣ ከዚያ በፋይል ሪፕሌስ ተኩት። ሽያጭና ስቶክ አብረው በአንድ ትራንዛክሽን ይግቡ፤ ወይ ሁለቱም ይገባሉ፣ ወይ ሁለቱም ይቀራሉ። ብዙ ሰው በኔትወርክ የሚከፍተው የአክሰስ ፋይል መብራት በሚያስቸግርበት ቦታ ቶሎ ይበላሻል፤ ወደ ኤስኪውኤል ሰርቨር አውጡት። ባክአፑን ደግሞ በሌላ ኮምፒውተር ላይ መልሳችሁ ክፈቱት፤ ተከፍቶ ያልታየ ባክአፕ አይቆጠርም።

አንቲቫይረስ ማጥፋትና ፎርማት ማድረግ

ፕሮግራሙ ከጠፋ የዊንዶውሱ አንቲቫይረስ ዲፌንደር ወስዶት ይሆናል፤ ፕሮቴክሽን ሂስትሪ ውስጥ እዩ። ያልተፈረመ አዲስ ኢኤክስኢ ሲጠረጠር ያጋጥማል። ፋይሉን ለማይክሮሶፍት ልካችሁ አስመርምሩ፤ የደንበኛውን መከላከያ ግን አታጥፉ፣ የከተማችን ፍላሽ እንዴት እንደሚዞር ታውቃላችሁ።

ሁሉም ሲያቅት «ፎርማት ይደረግ» የሚባለው ነገርም አለ። ዊንዶውሱን አዲስ ስትጭኑ የጎደለው ዲኤልኤል፣ የተዘጋው ፈቃድ፣ የተመዘገበው ኤረር አብሮ ይጠፋል፤ ችግሩ በወሩ ሲመለስ ምንም የምታነቡት የለም። ግድ ከሆነ ቅድሚያ ኢቨንት ሎጉን «ሴቭ ኦል ኢቨንትስ አዝ» ብላችሁ አውጡ፣ ቨርቹዋል ስቶርን ፈትሹ፣ ዳታቤዙን በባክአፕ ትእዛዝ ገልብጡ። ፍላሻችሁ ላይ መግባቱን ካያችሁ በኋላ ፎርማቱን ጀምሩ።