ድሬዳዋ ላይ ከሙቀት የሚከላከል የጓሮ ወርክሾፕ አሠራር

ድሬዳዋ ላይ ጓሮው ውስጥ ወርክሾፕ የሚሠራ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ገንዘቡን ግድግዳው ላይ ይጨርስና ጣሪያውን በባዶ ቆርቆሮ ይዘጋል። ሙቀቱ የሚመጣው ግን ከላይ ነው። ግንቦትና ሰኔ ላይ የአየሩ ሙቀት 35 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ፣ ፀሐይ የምትመታው ቆርቆሮ ከ60 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ከሥሩ የቆመ ሰው አናቱ ላይ የሚሰማው የዚያ ቆርቆሮ ግለት ነው። ስለዚህ ብሎኬቱን ከ15 ወደ 20 ሳ.ሜ. ከማወፈር ይልቅ ብሩን ኮርኒሱ ላይ ማዋል ያዋጣል።

እዚህ ያለው ልኬት በውጭ 4 በ3 ሜትር ለሆነ ክፍል ነው። 4 ሜትሩ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይዘርጋ። ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ዝቅ ብላ የምትመታቸው የምሥራቅና የምዕራብ ጎኖች አጭርና መስኮት አልባ ይሁኑ፤ በርና መስኮት በሰሜንና በደቡብ ይውጣ። ሰሜን ሁልጊዜ ጥላ ነው ብሎ ማሰብ እዚህ አይሠራም። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ስለምታልፍ የሰሜኑም መስኮት ክፈፍ (ከግድግዳው ወጣ ብሎ የሚያጠላ የጣሪያ ጫፍ) ይፈልጋል።

መሠረቱ እስከ ጠንካራ አፈር ይቆፈር፤ ወለሉ ከጓሮው ቢያንስ 30 ሳ.ሜ. ከፍ ይበል። ከተማዋን አቋርጦ በሚያልፈው በደቻቱ ወንዝ ዳር ወይም ደረቅ የጎርፍ መውረጃ አጠገብ ከሆነ ግን ከፍታው አያድንም። የ1998ቱን ክረምት ጎርፍ ያየ ከተማ ይህን ማስረዳት አያስፈልገውም፤ ቦታ ይቀየር።

ለወለሉ 10 ሳ.ሜ. ውፍረት ያለው አርማታ 1 ሜትር ኩብ ያህል ይወስዳል፤ በ1 ለ2 ለ3 ቅይጥ (ሲሚንቶ፣ አሸዋ፣ ጠጠር) 7 ያህል ባለ 50 ኪሎ ከረጢት ሲሚንቶ ነው። ድሬዳዋ ላይ አርማታ የሚበላሸው ቶሎ በመድረቁ ነው፤ ውሃው ሲሚንቶው ሳይጠነክር ይተንና ላዩ ይሰነጠቃል። ስለዚህ በማለዳ ይሞላ፣ በእርጥብ ጆንያ ይሸፈን፣ ለ7 ቀን ጠዋትና ማታ ውሃ ይጠጣ። ብሎኬቱም ከመገንባቱ በፊት ይርጠብ፤ ደረቅ ብሎኬት የሞርታሩን ውሃ ይመጠዋል።

ዝቅተኛው ግድግዳ 2.60፣ ከፍተኛው 3.05 ሜትር ከሆነ፣ የበርና የሁለት መስኮት ቦታ ተቀንሶና ስብራት ተጨምሮ 460 ያህል ብሎኬት ይበቃል። ከግድግዳው አናት በሚዞረው አርማታ ላይ፣ ሳይደርቅ፣ ወራጅ የሚታሰርበት ባለ 8 ሚ.ሜ. ፌሮ ይቀበር። ይህ ከተረሳ ክፈፉ ሰፊ የሆነን ጣሪያ ንፋስ ያነሳዋል።

አሁን ዋናው ሥራ፣ ጣሪያው። 5 በ15 ሳ.ሜ. ጣውላ የሆኑ 5 ወራጆች በየ1 ሜትሩ ይቀመጡ፤ ብየዳ የሚሠራበት ቤት ከሆነ 60 በ40 ሚ.ሜ. ቱቦላሬ (አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ) ይሻላል። በላያቸው ማገር በየ75 ሳ.ሜ.፣ ከዚያ ቆርቆሮ። ባለ 2 ሜትሩ ቆርቆሮ ሁለቱ በ15 ሳ.ሜ. ተደራርበው፣ የአንዱ የጎን ሽፋን 75 ሳ.ሜ. ከሆነ፣ 14 ያስፈልጋል። ምስማሩ ከነጎማው የሚመታው በቆርቆሮው ጉብታ ላይ ነው፤ ጎድጓዳው ላይ ከተመታ ዝናብ ያስገባል።

ከወራጁ በታች ባለ አሉሚኒየም ንጣፍ ይወጠር፣ አንጸባራቂው ፊት ወደ ታች። ወደ ላይ ከዞረ የድሬዳዋ አቧራ በጥቂት ጊዜ ይሸፍነውና ማንጸባረቁን ያጣል፤ ወደ ታች ሲሆን ግን የሞቀው ንጣፍ ራሱ ወደ ክፍሉ የሚለቀው ሙቀት ትንሽ ነው። ከዚያ 3 ሳ.ሜ. ሊስቴሎ (ቀጭን የእንጨት ዘንግ)፣ በሊስቴሎው ላይ የኮርኒሱ ችፑድ ይመታ፤ ብየዳ ካለ በችፑድ ፈንታ ጂፕሰም ቦርድ። ብዙ ሰው ንጣፉን በቀጥታ ከቆርቆሮው ጋር አጣብቆ ይሰፋዋል። አየር በመካከል ከሌለ ግለቱ በንክኪ ያልፋል፣ ገንዘቡም ባከነ ማለት ነው። ርካሽ ነው ተብሎ የሚገዛ ስታይሮፎም ደግሞ በብልጭታ ይነዳል፣ ጭሱም መርዛም ነው።

በወራጆቹ መካከል ያለው የ15 ሳ.ሜ. ክፍተት በዝቅተኛውም በከፍተኛውም ጫፍ ክፍት ሆኖ በወንፊት ሽቦ ብቻ ይሸፈን። የሞቀው አየር ተዳፋቱን ይዞ ወደ ላይ ይወጣል፣ ከታች ሌላ ይተካል። ወፍና አይጥ ይገባል ብሎ በሲሚንቶ የሚደፍነው ግንበኛ ሁልጊዜ አይጠፋም፤ ሥራው ሲያልቅ መሰላል ይዞ መፈተሽ ነው። ለክፍሉም በደቡብ ግድግዳ ከወለሉ 30 ሳ.ሜ. ከፍ ብሎ፣ በሰሜን ደግሞ ከኮርኒሱ ሥር ማናፈሻ ይተው፤ ትንኝ ስለማይጠፋ ሁሉም ወንፊት ይደረግበት።

ግድግዳው ውጭውን ነጭ ኖራ ይቀባ፣ ሲደበዝዝ ይታደስ። የምዕራቡን ጎን ከ4 እስከ 5 ሜትር ርቆ የተተከለ ኒም ያጠላዋል፤ ከዚያ ከቀረበ ሥሩ መሠረቱን ሊነካ ይችላል።

ሐረር ላይ ይኸው አሠራር ያገለግላል፤ ከፍታው ወደ 1,900 ሜትር ስለሚጠጋና ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ስለሚበርድ ለታችኛው ማናፈሻ የሚዘጋ መከለያ መጨመር ብቻ በቂ ነው። የጣሪያው ክፍተት ግን እዚያም አይደፈንም።