ቴክ ኦፍ መጀመሪያ በእጅ

ኮንስትራክሽን ማኔጅመንት የምትማሩ፣ ሶፍትዌሩን ትንሽ አቆዩትና ቴክ ኦፍ (የሥራውን መጠን ከፕላኑ ለክቶ ማስላት) በእጃችሁ ሥሩ። ሜትር ያዙ፣ የራሳችሁን ክፍል ለኩ፣ ፕላኑን ሳሉ። ከዚያ የአንዱን ግድግዳ ልስን አስሉ። ርዝመቱ 4 ሜትር፣ ከፍታው 3 ሜትር ከሆነ 12 ካሬ ነው። 0.9 በ2.1 የሆነውን በር ስትቀንሱ 10.11 ይቀራል። አለቀ? አላለቀም። በሩ ዙሪያ ያለው የግድግዳው ውፍረትም ይለሰናላ! ብዙ ሰው የሚስተው እሱን ነው። ደግሞ የትኛው ክፍት ቦታ እንደሚቀነስ የሚወስነው ውሉ ላይ የተጠቀሰው የአለካክ ደንብ ስለሆነ መጀመሪያ እሱን አንብቡ። እያንዳንዱ ቁጥር ከየትኛው ግድግዳ እንደመጣ አጠገቡ ጻፉ። ከወር በኋላ ራሳችሁም አታስታውሱትም።